የጎደለው አረንጓዴ

ትከሻዬ ላይ ባንጠለጠልኩት ከረጢት ውስጥ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ሹራብ አለ። አረንጓዴ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ የጥድ ቅጠል ዓይነት። ልጄ ስምንት ዓመቱ ሳለ ነበር የጀመርኩለት። አሁን አሥራ አንድ ሞልቶታል። ሁለተኛው እጅጌ ያልተሠራው በስንፍናዬ ብቻ አይደለም፤ ክሩ አልቆ ነው። "ዛሬ ነገ እገዛለሁ" ስል ሦስት ዓመት አለፈ። ዛሬ የወጣሁት ያችን የጎደለችኝን አንድ ጥቅል አረንጓዴ ፍለጋ ነው።

ዛሬ ደግሞ ቅዳም ሹር ነው፤ ሚያዝያ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እዚህ ባለሁበት አገር አቆጣጠር ሜይ 4 ቀን 2024። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ቄጤማችንን ተቀበልን፤ ከዚያ እኔና ጓደኛዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን ዌስት ፍሬንድሺፕ ወደምትባል የሜሪላንድ ገጠር ነዳን። መኪና የሚቆመው ሣር ላይ ነው፤ ሰማዩ ደምኗል፣ መሬቱ ርሷል። ገና በሩን ስንከፍት ሽታው ተቀበለን። ርጥብ በግ፣ ድርቆሽ፣ ከዚያ ደግሞ ሆን ብሎ የሚያሾፍብን ይመስል የሚጠበስ የበግ ሥጋ። ጓደኛዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ሃምሳ አምስቱን ቀን ችዬ መጨረሻዋ ቀን ላይ እዚህ ልታስፈትኚኝ?" አለችኝ።

የሜሪላንድ የበግና የሱፍ ፌስቲቫል በየዓመቱ በሜይ ወር የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ፣ የሃዋርድ ካውንቲ አውደ ርዕይ በሚካሄድበት ሜዳ ላይ ይካሄዳል። አዘጋጁ የበግ አርቢዎች ማኅበር ነው፤ ፌስቲቫሉም በፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆየ ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት ሜዳው ባዶውን ከርሟል። በስሙ "የበግ" የሚለው ቀድሞ ይምጣ እንጂ፣ ከሚጎርፈው ሕዝብ አብዛኛው የሚመጣው ለክር ነው። ከ200 የሚበልጡ ሻጮች በረቱንም፣ አዳራሹንም፣ ሜዳው ላይ የተተከለውንም ድንኳን ይሞላሉ። ሰው ሁሉ ራሱ የሠራውን ለብሶ ነው የሚመጣው። እኛ ለጥምቀት እንደምንለብሰው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ አንዱ የሌላውን ጠርዝ አገላብጦ በውስጥ በኩል ለማየት ፈቃድ መጠየቁ ነው። የሹራብ ጉድ ያለው በውስጥ በኩል ነዋ።

ባለቤቴ ማታ "ለበዓል የሚሆን ካየሽ ዋጋ ጠይቂ" ብሎኝ ነበር። ቀልዱን ነው። ለቅርጫው የሚሆነውን ከነጓደኞቹ ከአንድ ገበሬ ጋር ከተነጋገሩ ሰንብተዋል። ያም ሆኖ በረቱ ውስጥ ስገባ ዓይኔ የሄደው ወደ ጠጉሩ አይደለም፤ ወደ ጭራው ነው። በግ ተራ ቆሞ ያደገ ሰው በግ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ላት ነው። እዚህ ላት የለም። አብዛኞቹ ጭራቸውን ገና ግልገል ሳሉ ተቆርጠው፣ ከኋላ ሲታዩ ያላለቀ ሥራ ይመስላሉ።

አንዲት ሸምገል ያለች ገበሬ ከበጎቿ ጎን ወንበር ዘርግታ ሹራብ ትሠራለች። እጇን ሳታይ ነው የምትሠራው። ቆሜ ሳያት "በግ ታረቢያለሽ?" አለችኝ።

"አያቴ ታረባ ነበር፤ ኢትዮጵያ፣ መንዝ" አልኳት።

ምን ዓይነት ዝርያ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ትንሽ፣ ብርድ የሚችል፣ ጠጉሩ ሻካራ፣ ጭራው ወፍራም። መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከመካከለኛው እስያ የመጣ ካራኩል የሚባል ላታም በግ አሜሪካ ውስጥም እንዳለ፣ ጠጉሩም ሻካራና ረጅም ስለሆነ ለምንጣፍ እንጂ ለአንገት እንደማይሆን አስረዳችኝ። ከዚያ በኋላ ዋጋ መጠየቁን ተውኩት። በጎቿ ስም አላቸው።

ከእሷ በረት ቀጥሎ ያዕቆብ የሚባሉት በጎች አሉ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ናቸው፤ አንዳንዱ አራት ቀንድ አለው፤ ሁለቱ ወደ ላይ ይቆማሉ፣ ሁለቱ ወደ ጉንጩ ይታጠፋሉ። ስሙ የወጣላቸው ከኦሪት ዘፍጥረት ነው። ያዕቆብ ለላባ መንጋ ሲጠብቅ ነቁጣና ዝንጉርጉር የሆነው ሁሉ ደመወዙ እንዲሆንለት የተዋዋለበት ታሪክ አለ አይደል? ጓደኛዬ በረቱ ላይ የተለጠፈውን እንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብባ ስታበቃ ሳቀች። "እነዚህ ሰዎች በጉንም አጠመቁት" አለች።

ወደ ጠጉሩ እንመለስ፤ የመጣነው ለእሱ ነው።

ሁሉም ሱፍ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱንም የሚወስነው በአብዛኛው የአንዷ ዘለላ ውፍረት ነው። የሚለካውም በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሜሪኖ የሚባለው በግ ጠጉር 20 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል፤ የሰው ጠጉር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዚያን ሦስት እጥፍ ነው። ሱፍ ከ30 ማይክሮን ካለፈ ጫፉ ቆዳ ላይ ሲያርፍ አይተጣጠፍም፤ ይወጋል። "ሱፍ ያሳክከኛል" የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሱፍ ጠላት አይደለም፣ የወፍራም ሱፍ ጠላት ነው። ለዚህ ነው ሻጮቹ ፊት የቆሙት ሴቶች ሁሉ ጥቅሉን አንሥተው አንገታቸው ላይ የሚያሹት። መጀመሪያ ያየ ሰው ክሩን የሚሳለሙት ይመስለዋል።

ያልታጠበ ጠጉር የሚሸጥበት አዳራሽ ውስጥ ግን አንገት ላይ የሚያሽ የለም። እዚያ ከበጉ ጀርባ እንደተሸለተ፣ ከነጭቃውና ከነቅባቱ፣ በግልጽ ከረጢት ተሞልቶ ይደረደራል። ቅባቱ ላኖሊን የሚባለው ነው፤ ዝናብን የሚመልሰው፣ የሸላቾችንም እጅ የሚያለሰልሰው። ሰዎች ከረጢቱን ከፍተው ዘለላ ይመዛሉ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሮአቸው ሥር ሳብ ሳብ ያደርጉታል። ከተሰነጣጠቀ ድምፁ ይለያል፤ በጉ ታሞ ወይም ተርቦ የከረመ እንደሆነ ዘለላው እዚያ ቦታ ላይ ይሳሳል። እኔም አንድ ግራጫ ከረጢት ከፈትኩና ጎንበስ አልኩ። አሸተትኩት። የመንዟ መሐል ሜዳ፣ የአያቴ ቤት፣ መደቡ ላይ የተነጠፈው የሱፍ ባና። ሌሊት ሲበርደን እስከ አፍንጫችን የምንስበው፣ የሚያሳክከን፣ ግን የማንለቀው። ስንት ማይክሮን እንደነበረ የለካው የለም።

አያቴ ሱፉን የምትፈትለው በእንዝርት ነበር፤ በእግሯ መንገድ ስትሄድም ጭምር። ሽመናው የወንዶች ነው። አያቴና ጎረቤቶቿ ወሩን ሙሉ የፈተሉትን ሸማኔው በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ደግሞ "ፈትል አምጡ" ይላል። ይህ የፈታይና የሸማኔ አለመመጣጠን በመንዝ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ፌስቲቫል ላይ ከሚታዩት ሁሉ ትልቁ ውድድር በዚሁ ላይ የቆመ ነው። "ከበግ እስከ ሻል" ይሉታል። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሸላች፣ አንድ ሸማኔና ከአንድ በላይ ፈታይ አለው። ሸላቹ በጉን በቂጡ አስቀምጦ በእግሮቹ መሐል ይይዝና ጠጉሩን እንደ ካፖርት በአንድ ቁራጭ ያወልቀዋል። ፈታዮቹ ሳያጥቡ፣ ከነቅባቱ፣ አባዝተው በእግር በሚረገጥ መንኮራኩር ይፈትላሉ። ሸማኔው ድሩን አስቀድሞ ወጥሮ ይጠብቃል፤ የሚጎድለው ማግ ብቻ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠዋት በግ ጀርባ ላይ የነበረው ሻል ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያም በጨረታ ይሸጣል።

እኛ ስንደርስ አንዷ ፈታይ እግሯ አይቆምም፤ ጣቶቿ ግን የሚቸኩሉ አይመስሉም። ሸማኔዋ መወርወሪያዋን ይዛ፣ ባዶውን ቀሰም እያየች ትጠብቃታለች። ጓደኛዬ "ዘንድሮም ፈትል አልደረሰም" አለች። በጉ ግን ተሸልቶ፣ ብርድ እየተሰማው፣ ድርቆሹን ይበላል።

የያዝኩት አረንጓዴ ሹራብ እንደ ሻሉ የተሸመነ አይደለም። ሸማ ድርና ማግ አለው፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። ሹራብ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ክር ነው፤ ያ ክር በራሱ ቀለበት ውስጥ እየሾለከ ሌላ ቀለበት ይሠራል። ስለዚህ ይለጠጣል፤ ስለዚህ የሰውነትን ቅርጽ ይከተላል። ስለዚህም ጫፉን የሳበ ሁሉንም ይስባል። ይህን የሸማና የሹራብ ልዩነት ባለመረዳቴ ነው አንድ ጊዜ ለእናቴ ሻል የነጠላዋን ጥበብ በቀለም ክር ልሠራላት ተነሥቼ ያፈርኩት። ጥለቱ ላይ ያለውን መስቀል በካሬ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ቆጥሬ ገለበጥኩ፤ ሃያ ካሬ በሃያ ካሬ። የሹራብ ቀለበት ግን ካሬ አይደለም፤ ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል። ወደ ጎን 20 ቀለበት 10 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ፣ ወደ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት 28 መስመር ያስፈልገኛል። መስቀሉ ሰው የተቀመጠበት መስሎ ወጣ። ያ ሻል እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።

መሳቢያውን ካነሣሁ አይቀር ልናዘዝ። ሁለተኛዋ ያልተወለደች አንድ ካልሲ አለች። የአክስቴ ልጅ ስታረግዝ የጀመርኩት የሕፃን ብርድ ልብስ አለ፤ ሕፃኑ አሁን ብስክሌት ይነዳል። በእጅ የተሠራ የሱፍ ኮፍያም ነበር፤ ባለቤቴ ሊያግዘኝ ብሎ ከፎጣ ጋር በሞቀ ውኃ አጥቦ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከተተው። የሱፍ ዘለላ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለው ነው፤ ሙቀት፣ ውኃና ግጭት ሲያገኝ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይቆላለፍና አይለቅም። ኮፍያው አሁን ለብርቱካን ይበቃል። በማሽን ይታጠባል የሚባለው ሱፍ ቅርፊቱ አስቀድሞ በኬሚካል የተበላ ወይም በስሱ ፕላስቲክ የተቀባ ነው። ልጅ ያለው ሰው ያንን ቢገዛ አልፈርድበትም። አሜሪካውያን ሹራብ ሠሪዎች በመሳቢያ ስለሚከማቸው ክር የሚቀልዱት ቀልድ አላቸው፤ "ከዕድሜዬ የሚተርፍ" ይሉታል። እኔ ግን ቀልድ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ክር ስንገዛ የምንገዛው ጊዜ ላላት ለዚያች ለሌላዋ ሴት ነው፤ የምትሠራው ግን ማታ ከሥራ ስትመለስ ግማሽ ሰዓት የተረፈቻት ይህችኛዋ ናት።

አረንጓዴውን ፍለጋ አምስት ድንኳን ዞርን። ጥቅሎቹ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው በመደዳ ተሰቅለዋል፤ 100 ግራም ለካልሲ የሚሆን ቀጭን ክር ወደ 400 ሜትር ይወጣዋል፤ በእጅ የተነከረ ከሆነ ዋጋው 30 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ዋጋ ለአንድ ልጅ ሹራብ የሚበቃውን ስትገዙ ከሱቅ ሦስት ሹራብ ይገዛል። ስለዚህ "በእጅ መሥራት ይቆጥባል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ለእናቴ ይቆጥብ ነበር። ለእኔ ቅንጦት ነው።

አምስተኛው ድንኳን ላይ ጥፍሯ ሰማያዊ የሆነ ነካሪ አገኘን። ሹራቡን ከከረጢቱ አውጥቼ ዘረጋሁላት። ከመደዳው አረንጓዴ የተባለውን ሁሉ እያወረደች፣ ወደ ድንኳኑ ደጃፍ ወደ ብርሃኑ እየወሰደች አስተያየችው። አንዱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ቢጫ። ቀለሙ አንድ ዓይነት የሚሆነው በአንድ ድስት በአንድ ጊዜ የተነከረ ክር ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ድስት ሚዛኑም፣ ሙቀቱም፣ ውኃውም ትንሽ ይለያል። ፋብሪካ እንኳ ለዚህ ሲል ወረቀቱ ላይ የድስቱን ቁጥር ያትማል። በዕፀዋት ሲነከር ደግሞ አረንጓዴ ከሁሉ ያስቸግራል አለችኝ፤ መጀመሪያ በቢጫ ተነክሮ ቀጥሎ በኢንዲጎ ሰማያዊ ስለሚደረብበት፣ ሁለት ጊዜ የመሳሳት ዕድል አለው።

"ሲጀመር ስንት ጥቅል ገዛሽ?"

"ሦስት።"

"አራት ነበር የሚያስፈልግሽ።"

ይህን አውቃለሁ። በሰዓቱ ገንዘቡ አሳስቶኝ ነው። እሷም ሁለት መላ ነገረችኝ። አንደኛው፣ ተቀራራቢውን ገዝቶ ሁለት መስመር ከአሮጌው ሁለት መስመር ከአዲሱ እያፈራረቁ መሥራት፤ ዓይን ልዩነቱን አያገኘውም። ሁለተኛው ግን፣ አለችና ጥፍሯን እጅጌው ላይ አሳረፈች፣ ለማመሳሰል አለመድከም ነው። ያለቀውን እጅጌ እስከ ክርኑ ተርትሪው፤ በሚወጣው አረንጓዴ ሁለተኛውን እስከ ክርኑ ሥሪ፤ ከክርን በታች ጨርሶ የማይመስል ቀለም ቀጥዪበት።

ጓደኛዬ ልብ ብላ ታዳምጥ ነበር። እኔ ግን በሐሳብ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሄጃለሁ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንደኛ ክፍል ስገባ እናቴ ቀይ ሹራብ ሠርታልኛለች። ክሩ ከመርካቶ የመጣ ነው፤ ሱፍ አልነበረም፣ ግን ይሞቃል። እናቴ ሹራብ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከአንገት ነው። ምክንያቱን ያኔ አላውቀውም። ሹራብ ካለቀበት ጫፍ እንጂ ከተጀመረበት በቀላሉ አይተረተርም፤ ከአንገት ከተጀመረ መጨረሻው ታች ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚያድገው ወደ ታች ነው። በክረምቱ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የወገቡንና የእጅጌውን ጠርዝ ትተረትረውና ክሩን የወንበር ጀርባ ላይ ትጠቀልለዋለች። የተተረተረ ክር እንደ እንዶሚ የተንጨባረረ ነው፤ በእንፋሎት ካልተቃና አይሠራም። ጀበናው ሲፈላ ክሩ አጠገቡ ይሰቀላል፤ መስከረም ላይ ቡና ቡና የሚሸት ሹራብ ለብሼ እሄዳለሁ። ቀዩ ስለማይበቃ ሁለተኛ ክፍል ስገባ ከታች ቢጫ ተቀጠለ። ከአባቴ አሮጌ ሹራብ አረንጓዴ ሲገኝ ደግሞ፣ ሦስተኛ ክፍል፣ አረንጓዴ።

ክፍል ውስጥ ስሜ "ባንዲራ" ሆነ። ያውም የተገለበጠ ባንዲራ፤ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች። አልቅሼ ወደ ቤት ስመጣ እናቴ አጥብቃ አይታኝ "በርዶሻል?" አለች። አልበረደኝም። "እንግዲያው" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ነካሪዋን ቢጫ ጠየቅኳት። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ፣ ሁለት ጥቅል፣ ይህን ጊዜ ሳልቆጥብ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን እጁን አስዘርግቼ ፊቴ አስቀምጬዋለሁ። ጥቅሉ ተፈትቶ ሁለቱ እጆቹ ላይ ተጠልቋል፤ እኔ እጠቀልላለሁ፣ ልቃቂቱ ያድጋል። ከመጀመራችን በፊት እጅጌ የጎደለውን ሹራብ ራሱ ላይ አጥልቄለት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ጉድ ተገለጠ። የተከተልኩት የሹራብ ንድፍ ደረቱ 72 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብሎ 144 ቀለበት አዝዞኛል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ቀለበት ሒሳብ። እኔ ግን እጄ ላላ ያለ ነው፤ ያኔ ናሙና ሠርቼ ሳልለካ ዘልዬ ጀመርኩት፤ የወጣልኝ 18 ነበር። 144 ቀለበት ለ18 ሲካፈል ስምንት ጊዜ ይደርሳል፤ 80 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በስምንት ዓመቱ ሁለት እሱን የሚያስገባ ከረጢት ነበር፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ ልክክ አለ። የሚጎድለው ቁመቱ ብቻ ነው፤ እሱም ከአንገት የተጀመረ ስለሆነ ይቀጠላል።

ስልኩ ጮኸ። አገር ቤት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ፈስካለች፤ ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል፣ ሰው ይሳሳቃል። እኛ ገና ነን፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው።

"እንኳን አደረሳችሁ! እጁን ምን አድርገሽ ነው ያሰርሽው ልጁን?"

"ክር እየያዘልኝ ነው እማዬ።"

"አሳዪኝ እስቲ።"

ስልኩን አዞርኩላት። ልቃቂቱን፣ አረንጓዴውን ሹራብ፣ እስከ ክርኑ የተተረተረውን እጅጌ አየች። ዋጋውን ጠየቀችኝ፤ በግማሽ ቀንሼ ነገርኳት፤ እሱም በዛባት።

"አጥብቀሽ አትጠቅልዪው፣ ክሩ ይደክማል" አለች። ከዚያ ዝም ብላ ቆየች። ስልኩን ወደ ፊቷ ስታስጠጋ የሚታየኝ ግንባሯ ብቻ ነው። "አረንጓዴ ከላይ፣ ከሥሩ ቢጫ" አለች። "የእሱ ቀንቶለታል። ቀዩስ?"

"ቀዩ ለከርሞ ነው።"

ልጄ እጁ ዝሎ ክሩን ወደ አንድ ጎን አዘነበለው።